ዋልካው ከሥር፣ ሐሜቱ ከላይ

በጎጃም ደጋ አዲስ አስፋልት ሲሰነጠቅ ፍርዱ ቀድሞ ያለቀ ነው፤ «ገንዘቡን በልተውት ነው» ይባላል። በግንባታው ዘርፍ ሙስና የለም ብሎ የሚከራከር አይገኝም። ይሁን እንጂ አንድም ሳንቲም ሳይነካበት የሚሰነጠቅ መንገድ አለ። ጥፋተኛውን ገበሬው ከመሐንዲሱ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ዋልካ ነው።

ይህ ጥቁር አፈር ውሃ እየጠጣ የሚያብጥ የሸክላ ማዕድን አለበት። ክረምት ያብጣል፤ በጋ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ከመንገድ ሥር ሲሆን ደግሞ እኩል አይንቀሳቀስም። መሃሉ አስፋልት ለብሶ ርጥበቱን እንደያዘ ይቆያል፤ ዳርና ዳሩ ግን ከዝናቡና ከፀሐዩ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ረጃጅሞቹ ስንጥቆች ብዙውን ጊዜ ከጠርዝ የሚጀምሩት ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ይታወቃል፦ ዋልካውን ዝቆ በተመረጠ አፈር መተካት፣ ኖራ መቀላቀል፣ ውሃውን በቦይ ማራቅ። ችግሩ ወጪው ነው። ዋልካው ለኪሎ ሜትሮች ሲዘረጋ የቁፋሮው ጥልቀት ከበጀት ጋር መደራደር ይጀምራል። ቦዩ በደለል ከተደፈነ ደግሞ ምርጡ ዲዛይንም አያድነውም፤ ለቦይ ጠረጋ ግን ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን ታይቶ አይታወቅም።

«የድሮ ሥራ ነው የሚበረክት» የሚሉም ሞልተዋል፤ ምስክር የሚጠሩትም የድንጋይ ድልድዮቹን ነው። ሞጣ አካባቢ አባይን የሚሻገረው ሰባራ ድልድይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። በጣልያን ወረራ ጊዜ አንዱ ቅስቱ ፈረሰ፤ ሰዉም ለአሥርተ ዓመታት በገመድ ሲሻገር ኖረ። በኋላ ክፍተቱ ቢጠገንም ጎርፍ መልሶ ወሰደው፤ በመጨረሻ ከፍ ብሎ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ጠንካራ ሥራ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሲሠራ ግን የታሰበለት ጭነት በቅሎና እግረኛ እንጂ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና አልነበረም። በጎርፍ ተወስደው ስማቸው እንኳ ያልቀረ የድሮ ድልድዮችን ደግሞ ማንም አይቆጥራቸውም።

የድሮዎቹ ድልድዮች ጥንካሬ ምስጢር በጭቃው ውስጥ የገባ እንቁላል ነው የሚለውም ወሬ ማስረጃ የለውም። ድንጋዩን ያያዘው ኖራ ነው። በኖራ የመገንባት ጥበብ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከህንድ በመጡ ባለሙያዎች በኩል ተስፋፋ፤ ጢስ አባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1626 የተሠራ ነው።

ትልቅ ሥራ ሁሉ የፈረንጅ ነው የሚለው እምነት ግማሽ እውነት አለው። በ2000 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ የተመረቀውን፣ አባይን የሚሻገረውንና 303 ሜትር የሚረዝመውን የሕዳሴ ድልድይ በጃፓን እርዳታ የሠራው የጃፓኑ ካጂማ ኩባንያ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲሄዱ ግን ዋናው ፈተና ድልድዩ አይደለም። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል፤ በገደሉ ላይ ውሃ የገባበት ልል አፈር ይንሸራተትና አስፋልቱን ያጎብጠዋል። ድልድዩ አንድ ጊዜ ተመረቀ፤ ቁልቁለቱ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ክትትል ይፈልጋል። ይህ ካሜራ የማይከተለው ሥራ የሚወድቀው በአገር ልጆች ትከሻ ላይ ነው።

«ሲቪል የተማረ ሥራ አያጣም» የሚለው ደግሞ ወላጆችን ብዙ ያስወጣ ተስፋ ነው። ከተማሪዎች 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲያጠኑ የወሰነው ፖሊሲ የመሐንዲሱን ቁጥር አበዛ፤ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ከዚያ ዘመን ተቋማት አንዱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ያለፈውም ቢሆን ዲግሪው ብቻውን በዲዛይን ላይ አያስፈርመውም፤ የሙያ ምዝገባው የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ልምዱ የሚገኘው ደግሞ ሳይት ላይ ነው፤ በአማራ ክልል ግጭት ሳቢያ የቆመ ሳይት ጀማሪ አይቀጥርም።