ከክራውኑ ሥር ያለው ሲሚንቶ

የሴራሚክ ክራውን (የጥርስ ሽፋን) የሚያስገጥም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ቀለሙና ስለ ጥንካሬው ነው። ከተሞረደው ጥርስ ጋር የሚገናኘው ግን ሴራሚኩ ሳይሆን በመሃል የሚቀባው ሲሚንቶ ነው። ሴራሚክ ከሰውነት ጋር ብዙም አይጣላም፤ ጥያቄው ያለው ሲሚንቶው ላይ ነው።

ከጥርስ ውጫዊ ሽፋን ሥር ያለው ዴንቲን ድፍን አካል አይደለም። ወደ ነርቩ የሚዘልቁ ረቂቅ ቱቦዎች ሞልተውበታል፤ ነርቩ አጠገብ በአንድ ስኩዌር ሚሊሜትር በአስር ሺዎች ይቆጠራሉ። ጥርሱ ሲሞረድ አፋቸው ይከፈታል። ሲሚንቶው የሚለቀው ነገር ነርቩ ጋ መድረስ አለመድረሱን በዋናነት የሚወስነው የተረፈው ዴንቲን ውፍረት ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለው የዚንክ ፎስፌት ሲሚንቶ የሚቦካው በፎስፎሪክ አሲድ ስለሆነ፣ ገና ሲቀባ በጣም አሲዳማ ነው፤ የሚረጋጋው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ነው። ክራውን በተገጠመ ማግስት ጥርሱን ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ለሚሰማው ጥዝጣዜ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ ዴኒስ ስሚዝ የተባለ ተመራማሪ በፎስፎሪክ አሲድ ፈንታ ፖሊአክሪሊክ አሲድን ተጠቀመ፤ ሞለኪዩሉ ትልቅ በመሆኑ ወደ ቱቦዎቹ በቀላሉ አይገባም። ብዙም ሳይቆይ አለን ዊልሰንና ብራያን ኬንት የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ አሲድ ከመስታወት ዱቄት ጋር አዋሕደው፣ ፍሎራይድ የሚለቀውን ግላስ አዮኖመር ሠሩ።

ብርሃን አሳላፊና ስስ የሆኑት የሴራሚክ ክራውኖች ግን ብዙ ጊዜ ሬዚን ሲሚንቶ ይፈልጋሉ። አጥብቆ ይይዛል፣ ውበቱንም አያደበዝዝም። ሬዚን የሚጠነክረው ሞኖመር የሚባሉት ትናንሽ ሞለኪዩሎች እርስ በርሳቸው ሲያያዙ ነው፤ ሁሉም ግን አይያያዙም። የቀሩት እየሟሙ ይወጣሉ፤ በላቦራቶሪም ሴሎችን እንደሚጎዱ ታይቷል። ስለዚህ በእኔ እምነት ከሲሚንቶው ስም ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው አጠነካከሩ ነው። ሬዚኑን የሚያጠነክረው ሰማያዊ መብራት በወፍራም ሴራሚክ፣ በተለይም ዚርኮኒያ በተባለው ዓይነት ውስጥ ሲያልፍ ይዳከማል። በብርሃንም በኬሚካልም የሚጠነክሩ ሲሚንቶዎች የተሠሩት ለዚህ ነው፤ እነሱም ቢሆኑ በቂ ብርሃን ሲያገኙ አብዛኞቹ የተሻለ ይጠነክራሉ። መብራቱን ከየአቅጣጫው ለተጨማሪ ሰከንዶች ማቆየት ጊዜ ማባከን አይደለም።

የጥርስ ሕመም ሲነሳ ብዙ ቤት የሚታኘከው ቅርንፉድ እዚህ ላይ ይነሳል። ዩጂኖል የተባለው ዘይቱ ነርቭን ስለሚያደነዝዝ በአንዳንድ ጊዜያዊ ሲሚንቶዎች ውስጥ ይገባል። ይኸው ዘይት ግን የሬዚንን መጠንከር ያውካል። ሬዚን ለሚቀባበት ጥርስ ዩጂኖል የሌለበትን ጊዜያዊ ሲሚንቶ መምረጥ፣ ካልሆነም ቅሪቱን አጥርቶ ማጽዳት ያስፈልጋል።

ከድድ ሥር ተርፎ የቀረ ሲሚንቶም ባክቴሪያ ይሰበስባል። በተተከለ ጥርስ፣ በኢምፕላንት ዙሪያ ከሆነ ደግሞ ከድዱ አልፎ አጥንቱም ሊጎዳ ይችላል።

ከታካሚው ይልቅ ለሬዚን ሞኖመሮች አዘውትረው የሚጋለጡት ግን ሐኪሙና ረዳቱ ናቸው። በብዙ የሬዚን ማጣበቂያዎች ውስጥ ያለው ሄማ የተባለው ሞኖመር በላቴክስ ጓንት ውስጥ በደቂቃዎች ያልፋል፤ በባለሙያዎች ጣት ላይ የቆዳ አለርጂ ከሚያመጡት አንዱ ነው። ጓንት ለብሶም ቢሆን ያልጠነከረ ሬዚን በጣት መንካት አይገባም፤ ከነካም ጓንቱን ወዲያው አውልቆ እጅን መታጠብ ያስፈልጋል።