«እኔ ነኝ» ያለው ንጹሕ ልጅ

ሳይንስ በወንጀል ምርመራ ውስጥ ገባ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ያመለጠ ወንጀለኛ ሲያዝ ነው። የዲኤንኤ ምርመራ ለመጀመሪያ ጊዜ በወንጀል ጉዳይ ላይ ሲውል ግን በቅድሚያ ያደረገው ያልገደለን ሰው ነጻ ማውጣት ነበር።

ነገሩ የሆነው በእንግሊዝ፣ በሌስተር ከተማ አቅራቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1986 በተቀራራቢ መንደሮች ሁለት የ15 ዓመት ልጃገረዶች ተደፍረው ተገደሉ። ፖሊስ አንድ የ17 ዓመት ወጣት ያዘ። ልጁ ሁለተኛዋን መግደሉን አመነ፤ የመጀመሪያዋን ግን ካደ። መርማሪዎቹ ሁለቱም የእሱ ሥራ መሆናቸው እንዲረጋገጥላቸው ናሙናውን በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ለሚገኙት ተመራማሪ አሌክ ጄፍሪስ ላኩ። ውጤቱ ሌላ ሆኖ መጣ፦ ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ግን ይህ ልጅ አይደለም።

ንጹሕ ሰው ለምን ያምናል? በመምህርነት በሠራንባቸው ዓመታት መስኮት ተሰብሮ አንዱን ተማሪ ደጋግመን ስናፋጥጠው «እሺ፣ እኔ ነኝ» ብሎ አልቅሷል። የሰበረው ሌላ ልጅ መሆኑ በማግስቱ ታወቀ። ዛሬም ስናስታውሰው እናፍራለን። ፖሊስ ጣቢያ ሲሆን ደግሞ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ፍርሃቱ፣ «እመንና ይቀልልሃል» የሚለው ማባበል ይጨመርበታል። በአሜሪካ በዲኤንኤ ነጻ ከወጡት ፍርደኞች ከአራቱ አንዱ ያህል ያልፈጸመውን ፈጸምኩ ያለ ወይም ራሱን የሚወነጅል ቃል የሰጠ ነበር።

ስለዚህ ተመራማሪዎች የፖሊስን አጠያየቅ ራሱን ማጥናት ያዙ። እንግሊዝ በ1984 ባወጣችው ሕግ የተጠርጣሪ ቃል በቴፕ እንዲቀረጽ መንገድ ከፈተች። በ1990ዎቹ ደግሞ መርማሪዎቿን ከማሳመን ይልቅ መረጃ መሰብሰብ ላይ ያተኮረ አጠያየቅ ማሠልጠን ጀመረች።

በአገራችንም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው እንዲያምን እንደማይገደድ፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል። ግን ተከሳሹ «ተገድጄ ነው»፣ መርማሪው «በፈቃዱ ነው» ሲሉ ዳኛው የማንን ይያዝ? ካሜራው ልጁ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠበት ደቂቃ ጀምሮ ሲቀርጽ ከነበረ መልሱ እዚያው አለ። ከመሀል የተጀመረ ቀረጻ ግን እምነቱን ብቻ ያሳያል፤ ከእሱ በፊት የሆነውን ይሰውራል፤ ለተከሳሹ ከነጭራሹ ካለመቀረጽ ሊብስ ይችላል።

የሌስተሩ ገዳይስ? ፖሊስ ከሺዎች ወንዶች ናሙና ሲሰበስብ እሱ የሥራ ባልደረባውን በስሙ ልኮ አመለጠ። የተያዘው ባልደረባው ይህንኑ መጠጥ ቤት ሲያወራ የሰማች ሴት ለፖሊስ በመናገሯ ነው። ከዚያ በኋላ የራሱ ናሙና ተመረመረ፤ በ1988ም ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።