በትር ይዛ ስልክ ታነባለች

በነጭ በትር መንቀሳቀስን አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ አንዷ ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍራ፣ የደረሳትን መልእክት ለማንበብ ስልኳን ብታወጣ ወያላው «እንዴ! ታያለች እኮ!» አለ። ከበሩ አጠገብ ያለውን ወንበር የለቀቁላት እናት ደግሞ «እኔ አሮጊቷ ተነሥቼላት!» ብለው እስከ ሳሪስ ሲያጉረመርሙ ሄዱ። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ በትሯን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታለች። «ጋሼ፣ ከመሰደብ መውደቅ ይሻለኛል» አለችኝ። መልስ አላጣሁም፤ መልሴን ግን ለእሷ ሳይሆን ለተሳፋሪው ነበር መንገር የነበረብኝ።

ሰው ሁሉ የሚያይና የማያይ ዓይን ብቻ ያለ ይመስለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ እንኳ ዓይነ ስውርነትን ከድቅድቅ ጨለማ አይጀምርም፤ ጤነኛ ዓይን በ60 ሜትር የሚለየውን በ3 ሜትር መለየት ያልቻለ ሰው እዚያው ይመደባል። ብርሃን የሚለይ፣ ጣት የሚቆጥርም አለበት ማለት ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከመቶ 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር፣ 3.7 ያህሉ ደግሞ ዕይታቸው የቀነሰ ሆነው አግኝቷቸዋል። ታክሲ ውስጥ «አስመሳይ» የሚባሉት እንግዲህ ከዓይነ ስውራኑ በእጥፍ የሚበልጡት ናቸው።

የዚህች ልጅ ሕመም ዕይታን ከዳር ወደ መሀል እያጠበበ የሚሄድ ነው። በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት በሉት። የስልክ ፊደል በቀዳዳዋ ልክ ስለሆነ ታነበዋለች፤ የታክሲው ደረጃ፣ ክዳኑ የተነሣ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ከጎን የሚመጣ ባጃጅ ግን ከቀዳዳዋ ውጪ ናቸው። ሲመሽ ቀዳዳዋም ይዘጋል። የዕይታው መሀል የተጎዳበት ሰው ደግሞ ግልባጯ ነው፦ ከሰው ሳይጋጭ ይራመዳል፣ የወንድሙን ፊት ግን አይለይም። «አይቶኝ ዘግቶኝ አለፈ» እየተባለ ይታማል። ዓይኑ ሞራ የጋረደው የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣበት ይታወርና ጥላ ሲያገኝ ይሻለዋል። አንዱ ሰው ራሱ ቀትር ላይና ምሽት 12 ሰዓት ላይ ሁለት ሰው ነው።

ለነዚህ ሰዎች የሚኒባሱ ጩኸት ትልቅ ውለታ ነው። ወያላው «ሳሪስ! ሳሪስ!» እያለ ሲጣራ ማንበብ አያስፈልግም፤ መውረጃቸው ሲደርስም «ወራጅ አለ!» ካሉ በቂ ነው። አውቶቡስ ግን ዝም ብሎ ይመጣል። ቁጥሩ ግንባሩ ላይ ነው፤ ማንበብ የሚችሉት አጠገባቸው ሲደርስ ነው፣ ያኔ ደግሞ ግፊያው ተጀምሯል። «ይቅርታ፣ ስንት ቁጥር ነው?» ብለው ሲጠይቁ ምላሹ «እዚያ ተጽፎልሽ የለም?» ይሆናል። በትሩ እጃቸው ላይ ቢኖር ጠያቂው ሳይናገር መልሱ በመጣ ነበር። ታዲያ ከበትሩ የሚያርቃቸው ማን ነው? ያው ስድቡ።

ተሳፋሪውን ብቻ ብወቅስ ግን ግፍ ነው። በየዓይን ክሊኒኩ «አንተ ገና ታያለህ፣ በትር ምን ያደርግልሃል?» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ወላጆች «እያየች በትር ማስያዝ ሟርት ነው» ብለው ልጃቸውን ከትምህርቱ ያስቀሯታል። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ በትር የሚለመደው ትንሽ ዕይታ እያለ ነው። እጅ የነካውን ዓይን እያረጋገጠለት ሲማር ሰው ቶሎ ይደፍራል። ሁሉም ከጠፋ በኋላ የሚመጡልኝ ሰዎች መጀመሪያ ከፍርሃታቸው ጋር ሲታገሉ ይከርማሉ። ይህን ስንቴ እንደተናገርኩ እኔም ሰለቸኝ።

አንድ ባልደረባዬ መፍትሔ አገኘሁ ይላል። አርጀንቲና ውስጥ ዕይታቸው የቀነሰ ሰዎች አረንጓዴ በትር ይይዛሉ፤ እኛም እናስገባው ነው የሚለው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፣ ግን አልዋጥልህ ብሎኛል። ወያላው የነጩን ትርጉም በቅጡ ሳይጨርስ ሁለተኛ ቀለም ልናስጠናው ነው? ደግሞስ መሽቶ የመንገዱ መብራት ሲጠፋ፣ ሹፌሩ አረንጓዴውን በምን ሊያየው? ነጩ ቢያንስ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ይታያል።