ላፕቶፑስ ተገዛ፤ ቦርሳውስ?

ልጁ ዩኒቨርሲቲ የገባለት ቤተሰብ ላፕቶፕ ለመግዛት ሲነሳ ብዙ ያማክራል። ነገሩን ያውቃል የተባለ የዘመድ ልጅ ይጠራል፣ ዋጋ ይነጻጸራል፣ አዲስ ይሁን ወይስ ያገለገለ በሚለው ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። በጊምቢና በነጆ ዙሪያ ባሉ ቡና አምራች ቤተሰቦች ይህ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የዓመቱ የቡና ገንዘብ ነው። ይህ ሁሉ ተመክሮበት የተገዛው ዕቃ ታዲያ ከሱቅ የሚወጣው ሻጩ «ምራቂ» ብሎ በሰጠው ስስ ቦርሳ ውስጥ ነው። ስለ ቦርሳው የጠየቀ የለም። በዚህ ወር ስለ እርሱ እንድንጽፍ ያነሳሳንም ይኸው ነው።

ውድ አንባቢያን፣ መንገዱን እናስታውስ። ከአዲስ አበባ ነቀምት 330 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አምቦን፣ ጌዶንና ባኮን አልፎ ለመድረስ ቀኑ ይፈጃል። ወደ ጊምቢ የሚቀጥል ሰው ደግሞ ከነቀምት ደጋ ወደ ደዴሳ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ይወጣል፤ ጠዋት ጃኬት የደረበው ቀትር ላይ ላብ በላብ ይሆናል። ክረምቱ ረጅም፣ ዝናቡም ኃይለኛ ነው። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ፣ በነቀምት ብቻ ሳይሆን በጊምቢና በሻምቡም ግቢዎች ስላሉት፣ በየዕረፍቱ ላፕቶፕ ይዞ በእነዚህ መንገዶች የሚመላለሰው ወጣት ብዙ ነው። ስለዚህ ቦርሳው መመረጥ ያለበት ለዚህ መንገድ እንጂ በግቢ ውስጥ ለመታየት አይደለም።

በአንድ ትከሻ የሚንጠለጠለው ጥቁር ቦርሳ ባለቤቱን የቢሮ ሰው ያስመስለዋል። ለቢሮም ደግ ነው። ለጉዞ ግን አንመርጠውም። ሁለት ኪሎ የሚያህለው ላፕቶፕ ቻርጀርና መጻሕፍት ሲጨመሩበት ከአራት ኪሎ ያልፋል፤ ያን ሁሉ አንድ ትከሻ ይሸከመዋል ማለት ነው። መኪና ላይ ሲወጡ ይወዛወዝና ከበሩ ብረት ጋር ይጋጫል። ከሁሉ የከፋው፣ ውስጡ ምን እንዳለ ከሩቅ ማንም ያውቀዋል። ተራ የትምህርት ቤት ቦርሳ የሚመስል፣ የኮምፒውተር ድርጅት ስም ያልተጻፈበት የጀርባ ቦርሳ በመናኸሪያ ውስጥ ዓይን አይስብም፤ ሁለት እጅንም ነፃ ያደርጋል። የጤና ባለሙያዎች ወጣቶች በጀርባቸው የሚሸከሙት ከክብደታቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራሉ። 50 ኪሎ ለምትመዝን ልጅ ይህ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ተኩል ነው።

ገበያ ስትሄዱ ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱ። ቦርሳው ላይ 15.6 ተብሎ የሚጻፈው የስክሪኑ ሰያፍ ልክ በኢንች ሲሆን፣ በሴንቲ ሜትር 39.6 ይሆናል። ቁጥሩ ስለ ስክሪኑ እንጂ ስለ መሣሪያው ውፍረት አይናገርምና፣ ያገለገለ ወፍራም ላፕቶፕ «ልኩ ነው» በተባለ ቦርሳ አልገባም ሊል ይችላል። ከገባ በኋላ ወዲያ ወዲህ መንሸራተት የለበትም። ቀጥሎ የውስጥ ኪሱን ታች በእጃችሁ ዳብሱ። ብዙ ርካሽ ቦርሳዎች ጎናቸው ስፖንጅ ኖሮት ታቻቸው ባዶ ጨርቅ ነው፤ ቦርሳው መሬት በተቀመጠ ቁጥር የላፕቶፑ ጠርዝ ከወለሉ ጋር ይጋጫል። ጥሩው የላፕቶፕ ኪስ ከቦርሳው ወለል ጥቂት ጣት ከፍ ብሎ የተሰፋ ነው። ማንገቻው ሰፊና ስፖንጅ ያለው፣ ከቦርሳው ጋር የተያያዘበትም ቦታ ደጋግሞ የተሰፋ ይሁን። ዚፑን አሥር ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ፤ ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ።

አሁን አንግታችሁ ተራመዱ፤ ከዚያም ተቀምጣችሁ ጉልበታችሁ ላይ አድርጉት። ይህን የሚያደርግ ገዢ አላየንም፤ ነገር ግን ቦርሳው አብዛኛውን መንገድ የሚጓዘው በጭን ላይ ነው። ረዳቱ «ጣሪያ ላይ ይጫን» ቢል ይቅርባችሁ፤ እዚያ ዝናብና የሌላ ሰው ጆንያ ይጠብቀዋል። እግር ሥር ቢሆን ደግሞ ጭቃና የፈሰሰ ውሃ አለ። ስለዚህ ከፊት ወንበር ጋር የሚያጣብቅ ወፍራም ቦርሳ ለረጅም መንገድ ሥቃይ ነው።

እህቶቻችን አንድ ተጨማሪ ችግር አለባቸው። ማንገቻው ከሂጃቡ ላይ ሲውል ጨርቁን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ በተራመዱ ቁጥር አንገት ይታነቃል፣ መርፌው ይነቀላል። መፍትሔው ቦርሳውን አስቀድሞ አንግቶ ሂጃቡን ከማንገቻዎቹ በላይ ማልበስ ነው። ለዚህም ማንገቻው ማጠር የሚችል፣ ዘለበቱም ክር የማይስብ ለስላሳ መሆን አለበት። ሸካራ ሻካራውን ሂጃብ የሚልጠውን ትታችሁ እለፉ።

መኪናው ለምሳ ቆሞ ለሶላት ስትወርዱም ቦርሳው አብሯችሁ ይውረድ። ውዱእ ስታደርጉ የሚንጠለጠልበት ጠንካራ የእጅ መያዣ ከላዩ ቢኖረው እርጥብ መሬት ላይ አይቀመጥም፤ በመስጂድም ከኋላ ሳይሆን ከፊታችሁ አስቀምጡት።

ስለ እናቶች ሳንናገር አናልፍም። ልጅ ወደ ትምህርቱ ሲመለስ ጭኮ፣ ቅቤና ማር ሳይቋጠርለት አይሄድም፤ ቦታ የተረፈውም ያው ቦርሳ ይሆናል። በደጋ የረጋ ቅቤ ደዴሳ ሲደርስ ይቀልጣል፤ ቅቤ የገባበት የላፕቶፕ ቁልፍ ደግሞ በጨርቅ ተጠርጎ የሚድን አይደለም። ስንቁ በሌላ ኮሮጆ ይሁን።

አዲስ ቦርሳ ለመግዛት አቅም ያጠረው ቤተሰብም መላ አያጣም። የቆየ የትምህርት ቤት ቦርሳ ስፌቱ ደኅና ከሆነ፣ ከአሮጌ ብርድ ልብስ በላፕቶፑ ልክ ድርብ ከረጢት ማሰፋት ይቻላል። ላዩ ላይ ወፍራም ፌስታል ሲታከልበት ዝናቡን ይችላል። እንዲያውም ከብዙዎቹ ምራቂ ቦርሳዎች ይህ ይሻላል።

በየኬላው ፍተሻ ስላለ ላፕቶፑ ልብስና መጽሐፍ ሳይዘረገፍ ለብቻው የሚወጣበት ዚፕ ያለው ቦርሳ ጊዜ ይቆጥባል። መሣሪያውን ከመነሳታችሁ በፊት ፈጽማችሁ አጥፉት። ክዳኑን መዝጋት ብቻ ማጥፋት አይደለም፤ በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ይግላል፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ከሆነም የመንገዱ መንቀጥቀጥ ይጎዳዋል። በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የኢኮኖሚ ተጓዥ የእጅ ሻንጣ እስከ 7 ኪሎ መሆኑን አትርሱ፤ ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክም ከእጅ ዕቃ ጋር እንጂ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር አይሄድም።

በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ኢንተርኔትና ስልክ ለሦስት ወራት ያህል ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ ተማሪው ሥራውን በኢንተርኔት አስቀምጦ መሄድ አይችልም ነበር። ያለው ሁሉ በተሸከመው መሣሪያ ውስጥ ብቻ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ግልባጭ ፍላሽ ላይ አድርጉ። ፍላሹን ግን በቦርሳው የፊት ኪስ አታስቀምጡት፤ በለበሳችሁት ልብስ ኪስ ውስጥ ይሁን።