በጣባ ላይ ስለሚያድግ ዛፍ፤ ቅርጹን ስለ ማበጀትና ሥሩን ስለ ማደስ

በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ባለው የመንግሥት የዛፍ አታክልት ስፍራ፥ በዝርግ የሸክላ ዕቃ የተተከለ አንድ የጃፓን ዛፍ ይገኛል። ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፥ ፓይን ከሚባለው ወገን ነው። በዕቃ ውስጥ መያዝ የጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1625 ዓ.ም. ሲሆን፥ የያማኪ ቤተ ሰብ ትውልድ ለትውልድ እየተቀባበለ በሂሮሺማ ይጠብቀው ነበር። ኦገስት 6 ቀን 1945 ዓ.ም. የአቶም ቦምብ በዚያች ከተማ ላይ በወደቀ ጊዜ፥ ዛፉ ከስፍራው ወደ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነበር። የቤቱ መስተዋት ተሰባበረ፤ ዛፉን ግን ግንብ ጋረደው። ማሳሩ ያማኪ በ1976 ዓ.ም. ለአሜሪካ ሕዝብ በስጦታ ሰጡት፤ ከጥፋት መትረፉም በሰፊው የታወቀው በ2001 ዓ.ም. የልጅ ልጆቻቸው ሊያዩት በመጡ ጊዜ ነው።

ከቦምቡ ግንብ አዳነው፤ በቀሩት ዘመናት ግን ያዳነው የጠባቂው እጅ ነው። ጃፓኖች ይህን ጥበብ ቦንሳይ ይሉታል፤ ትርጓሜውም በዝርግ ዕቃ የተተከለ ማለት ነው። መነሻውም ከቻይና ነው። ብዙ ሰው ዛፉ የሚያንሰው በረኃብ ተቀጥቶ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የተራበ ዛፍ ይሞታል እንጂ አይሸመግልም። ይኸው ዛፍ በሜዳ ቢተከል ኖሮ እንደ ወገኖቹ ሁሉ ትልቅ ይሆን ነበር። ያሳነሰውም ያቆየውም በላይ ቅርንጫፉን፥ በታች ሥሩን በልክና በጊዜው መቁረጥ ነው።

ቅርጽ ለማበጀት አስቀድሞ የዛፉን ፊት መምረጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ የደረቀውን፥ እርስ በርሱ የሚተሻሸውንና ወደ ውስጥ የሚያድገውን ቅርንጫፍ በተሳለ መቀስ ይቆርጧል። የሚቀረውን ለማጉበጥ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሽቦ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ በሰያፍ ይጠመጥሙበታል፤ የሽቦው ውፍረት የቅርንጫፉ ሢሶ ያህል ቢሆን ይበቃል። በሁለት እጅ ቀስ ብሎ ማጉበጥ ነው፤ የቸኮለ ይሰብራል። ቅርንጫፉ ሲወፍር ሽቦው ልጡን ሳይበላ ቆራርጦ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ጠባሳው ለብዙ ዓመት አይጠፋምና።

ሥሩን ማደስ የሚያስፈልግበት ምልክት፥ የፈሰሰው ውሃ ሳይሰርግ በአፈሩ ላይ መቆሙ ነው፤ ሥሩ ዕቃውን ዞሮ ሞልቶታል ማለት ነው። ለጋ ዛፍ በየአንድና በየሁለት ዓመት፥ የሸመገለ ፓይን ግን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ይታደሳል። ጊዜውም ብርዱ ሊያልቅ፥ እንቡጡ ሊፈታ ሲቃረብ ነው። ዛፉን አውጥቶ፥ የተጠቀለለውን ሥር በእንጨት ሹል ፈትቶ፥ ከዳር ሢሶ ያህሉን መቁረጥ ነው። በፓይን ሥር ላይ ግን አሮጌውን አፈር ሁሉ ማራገፍ አይገባም፤ ሥሩን የሚረዳው ሻጋታ በዚያ ይኖራልና። አዲሱ አፈር ዱቄቱ የተነፋለት፥ ውሃ የሚያሳልፍ እንክብል ይሁን። ዛፉ እንዳይነቃነቅ በዕቃው ቀዳዳ ባለፈ ሽቦ ይታሰራል፤ ከታች ጥሩ ውሃ እስኪወጣ ይጠጣል፤ ለጥቂት ሳምንታትም ከነፋስና ከብርቱ ፀሐይ ይከለላል። ሥሩ እስኪይዝ ማዳበሪያ አይሰጡትም። ሥሩ በተቆረጠበት ወራት ቅርንጫፉን አብዝቶ መቁረጥና ማጉበጥ፥ በሽተኛን ሸክም እንደ ማሸከም ነው።

ይህን ለአገር አስተዳዳሪዎችና ለባለ መሬቶች ማቅረባችን ለጌጥ ብቻ አይደለም። በችግኝ ጣቢያ ከጊዜው በላይ በከረጢት የቆየ ችግኝ፥ ወይራም ቢሆን ጥድ፥ ሥሩ እንዲሁ ይጠቀለላል። ከነጥቅልሉ ቢተከል አንዳንዱ ከዓመታት በኋላ ራሱን አንቆ ይደርቃል፥ አንዳንዱንም ነፋስ ይጥለዋል። ስለዚህ ከረጢቱ ጨርሶ ይውጣ፥ የዞረውም ሥር በተሳለ ቢላዋ ይቆረጥ። በዕለቱ የተተከለውን መቍጠር ብቻ አይበቃም፤ ከመተከሉ በፊት አንዱን አውጥቶ ሥሩን መመልከት ከሹም ይጠበቃል።

ያን ዛፍ በ1625 ዓ.ም. በዕቃ የያዘው ሰው ፍጻሜውን አላየም። ዛፉ ለእኛ የደረሰው፥ ተራው የደረሰው ሁሉ ጊዜው ሳያልፍ ዕቃውን ገልብጦ ሥሩን ስላየ ነው።