ቀለበቱ የማን ነው?

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ የመተማና የቋራ ቆላ በደገኛ ወጣት ይሞላል። ከበለሳ፣ ከደብረ ታቦር አካባቢና ከጎጃም የሚወርደው ሠራተኛ ወባን የለመደ ደም የለውም። ሜዳ ላይ ያድራል፤ ትኩሳቱ ሲበረታበት ገንደ ውሃ ወይም መተማ ዮሐንስ ይመጣል። ወረፋ በበዛበት ላቦራቶሪ «ወባ ተገኝቷል» ብሎ ወረቀቱን መስጠት ቀላል ነው። ለእኔ ግን ይህ ግማሽ መልስ ነው። የትኛዋ ወባ?

ወፍራሙ የደም ቅብ ተውሳኩ መኖሩን ቶሎ ያሳያል፤ ነገር ግን ቀይ የደም ሴሎቹ በማቅለሚያው ውሃ ስለሚፈነዱ መጠናቸው አይለይም። ዝርያውን የሚናገረው በሜታኖል የጸናው ቀጭኑ ቅብ ነው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዝርያ ቀለበት መሰል ተውሳኮች ደቃቅ ናቸው፤ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ሴል ውስጥ ይገባሉ፣ ከሴሉ ጠርዝ ላይ የተለጠፉም አሉ፤ ሴሉ ግን አያድግም። ሌላው ዝርያ፣ ቫይቫክስ፣ የገባበት ሴል ከጎረቤቶቹ ይተልቃል፣ ይገረጣል፤ ተውሳኩም ቅርጹን እየለዋወጠ ይንሰራፋበታል። የሹፍነር ነጠብጣብ የምንላቸው ሮዝ ነቁጦች ሴሉን ይሞሉታል። ጊምሳ የተባለው ማቅለሚያ የተበጠበጠበት ውሃ አሲድ ካለው ግን ነቁጦቹ አይወጡም። ፒኤቹ 7.2 መሆን አለበት። ፒኤቹን የሚያስተካክለው ቡፈር አልቆበት ባገኘው ውሃ የሚበጠብጥ ላቦራቶሪ ቫይቫክስን በገዛ እጁ ይደብቃል።

የአጫጁን ማጭድ የመሰለው የተውሳኩ ቅርጽ፣ ጋሜቶሳይት፣ ከታየ ጥርጥር የለም፤ ፋልሲፓረም ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቨራን በ1880 (እ.ኤ.አ.) አልጄሪያ ውስጥ በወታደሮች ደም ያየው ይህንኑ ነበር።

ዝርያውን መለየት የሚያስፈልገው ለሕክምናው ነው። ክሎሮኪን የተባለው መድኃኒት ፋልሲፓረምን ማሸነፍ ካቃተው ቆይቷል፤ ሀገራችን ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ፋልሲፓረምን የምታክመው በኮአርተም ነው። ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ አድፍጦ ይቀመጣል። የ14 ቀኑ ፕሪማኪን ካልተሰጠው፣ ወጣቱ የድካሙን ዋጋ ይዞ አገሩ ከገባ ከወራት በኋላ ትኩሳቱ ይነሳበታል፤ ደጋ ላይ ደግሞ ወባን ቶሎ የሚጠረጥር የለም።

«ፈጣኑ መመርመሪያ አለ አይደል?» የሚሉኝ አሉ። አለ፤ ብዙ ሕይወትም አትርፏል። ሆኖም በ2017 እና 2018 (እ.ኤ.አ.) በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ድንበር አካባቢዎች ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ ኤችአርፒ2 የተባለውን ፕሮቲን የሚያዘው ዘረ መል የጎደለው ፋልሲፓረም አግኝቷል። በዚህ ፕሮቲን ብቻ የሚሠራ መመርመሪያ 9.7 በመቶ ያህሉን ፋልሲፓረም ሊስት እንደሚችል ተገምቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው ይቀየር የሚለው 5 በመቶ ሲያልፍ ነው። ዘረ መሉ ቢጎድልም ቅርጹ አልጎደለም። በማይክሮስኮፕ ሥር ያው ቀለበት፣ ያው ማጭድ ነው።

ለአጨዳ ወቅት ወደ ጤና ጣቢያዎቻችን የፈጣን መመርመሪያ ኪት ሲጫን ሜታኖል፣ ቡፈርና ኢመርሽን ኦይል አብረው ይጫኑ። ኔጌቲቭ ከመባሉ በፊት ወፍራሙ ቅብ ላይ ቢያንስ 100 የማይክሮስኮፕ መስክ ይታይ። ሁለቱ ዝርያዎች በአንድ ሰው ደም ውስጥ አብረው ስለሚገኙም አንዱን ያገኘ ባለሙያ ወዲያው ዓይኑን አያንሣ።