ኦፕሬቲንግ ሲስተምን በእርሳስ

የአንድ ኮምፒውተር ሜሞሪ በአንድ ጊዜ ሦስት ፔጅ ብቻ ይይዛል እንበል። ፕሮግራሙ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 1፣ 2፣ 5፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 የተባሉትን ፔጆች በዚሁ ቅደም ተከተል ይጠይቃል። የተጠየቀው ፔጅ ሜሞሪ ውስጥ ከሌለ ከዲስክ መምጣት አለበት፤ ይህ ፔጅ ፎልት ይባላል። ቦታው ከሞላ ደግሞ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። ስንት ፔጅ ፎልት ይኖራል? ወረቀት ላይ ተራ በተራ ሲሠራ 9 ይመጣል። ሜሞሪው ሰፍቶ አራት ፔጅ ቢይዝስ? ቁጥሩ እንደሚቀንስ የማይገምት የለም፤ ሲሠራ ግን 10 ይሆናል። የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪ የነበረው ላዝሎ ቤላዲ ከባልደረቦቹ ጋር ይህን አስገራሚ ጠባይ ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ ዛሬም በየአገሩ ለኮምፒውተር ሳይንስ ፈተና ከሚዘጋጅ ተማሪ ፊት የማይጠፋ ጥያቄ ነው። መቐለ ሮማናት አካባቢ ቁጭ ብሎ ከቴሌግራም ያወረደውን የጥያቄና መልስ ፒዲኤፍ የሚያገላብጥ ተመራቂም ይህንኑ ማግኘቱ አይቀርም። ቁም ነገሩ ጥያቄውን ካገኘ በኋላ የሚያደርገው ነው። መልሱን አንብቦ ካለፈ ጊዜውን አባክኗል፤ መልሱን ሸፍኖ በእርሳስ ከሠራው ግን ለፈተናውም ለሙያውም ስንቅ ይዟል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ይህን ነጥብ ያገኙት 61,054 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 41 አይሞላም። በመንግሥት ተቋማት ከመቶ 62 ያህሉ ሲያልፉ፣ በግል ተቋማት ግን ከመቶ 17 ገደማ ብቻ አልፈዋል። ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ አልጎሪዝምና ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከፈተናው ዋና ዋና ኮርሶች መካከል ናቸው። ሁለተኛ ዲግሪ የሚያስብ ሰውም ይህን በር ሳያልፍ የድኅረ ምረቃውን መግቢያ ፈተና ማለም አይችልም። ይህን ያህል ነገር በአንድ ቀን ፈተና ላይ ሲንጠለጠል ተማሪው ያለፉ ጥያቄዎችን ሰብስቦ ወደ ሽምደዳ ቢሮጥ አያስደንቅም፤ ችግሩ ሩጫው ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ መሆኑ ነው።

ለምን ተሳሳተ? በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ አንድ ደንብ ብቻ እንለውጥ፤ ቀድሞ የገባው ይውጣ ማለቱ ቀርቶ ለረጅም ጊዜ ያልተነካው ይውጣ። ያው የፔጅ ቅደም ተከተል በሦስት ቦታ 10 ፎልት፣ በአራት ቦታ 8 ፎልት ያመጣል። 9 እና 10ን በቃሉ የያዘ ተማሪ ባዶ እጁን ቀረ፤ ሜሞሪ ሲጨምር ፎልትም ይጨምራል ብሎ ያጠቃለለውም ተሳሳተ። ሁለቱን ሠንጠረዦች ጎን ለጎን የሠራ ተማሪ ግን ምክንያቱን በዓይኑ ያያል። በሁለተኛው ደንብ ባለ ሦስቱ ሜሞሪ የያዘውን ሁሉ ባለ አራቱም ዘወትር ይይዛል፤ ስለዚህ ቦታ መጨመር ፎልትን ሊያበዛ አይችልም። በመጀመሪያው ደንብ ይህ ዋስትና የለም። አልጎሪዝምም እንዲሁ ነው። ኩዊክሶርት የተባለው የመደርደሪያ አልጎሪዝም ፈጣን ነው የሚለው ዓረፍተ ነገር በየሀንድአውቱ አለ። ሆኖም ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ስም መነሻ አድርጎ የሚከፍል ኩዊክሶርት፣ 1,000 ስሞች ተዘበራርቀው ቢሰጡት በአማካይ 11 ሺህ ገደማ ንጽጽር ይበቃዋል፤ አስቀድሞ በፊደል ተራ የተደረደሩ ቢሰጡት ግን 499,500 ንጽጽር ያደርጋል። ፈታኙ የሚጠይቀው ይህን ልዩነት ነው፤ ልዩነቱም ስድስት ሰባት ስም ወረቀት ላይ ጽፎ በእጅ ለደረደረ ሰው ወዲያው ይገለጣል።

ይህ የአስተማሪ ምክር ብቻ አይደለም፤ የትምህርት ሥነ ልቦና ጥናቶችም ይደግፉታል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ከፊሎቹ ተማሪዎች አንድን ጽሑፍ ደጋግመው አነበቡ፤ ሌሎቹ አንድ ጊዜ አንብበው ያስታወሱትን ያለ ጽሑፉ እንዲጽፉ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት 56 ከመቶ ሲያስታውሱ፣ ያነበቡት 42 ከመቶ ላይ ቀሩ። ሮረርና ቴይለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 የሒሳብ ጥያቄዎችን ዓይነት በዓይነት ለይተው የሠሩትን ደባልቀው ከሠሩት ጋር አነጻጸሩ። ሲለማመዱ ለይተው የሠሩት 89 ከመቶ፣ ደባልቀው የሠሩት 60 ከመቶ አገኙ፤ ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን የመጀመሪያዎቹ ወደ 20 ወረዱ፣ ሁለተኛዎቹ 63 አመጡ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የሚጎረብጥ ነው፤ ጥናት ቀለለኝ የሚለው ስሜት አይታመንም። ፒዲኤፉን ሲያነቡ ሁሉም የገባ ይመስላል፤ ባዶ ወረቀት ፊት ሲቀመጡ ግን ያልገባው ይለያል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ፈተናው ባለ ምርጫ ነው፣ ኮርሶቹ ብዙ ናቸው፣ የቀረው ጊዜ አጭር ነው፤ ስለዚህ ብዙ ጥያቄ ቶሎ ቶሎ አይቶ ማለፍ ይሻላል ይባላል። ሽምደዳን ፈጽሞ መናቅም ትክክል አይሆንም። ፕሮሰሶች እርስ በርስ ተጠባብቀው የሚቆሙበት ዴድሎክ እንዲፈጠር አብረው መገኘት ያለባቸውን አራት ሁኔታዎች በቃሉ ያልያዘ ተማሪ ወደ ጥያቄው ከመነሻው ሊገባ አይችልም። በአብነት ትምህርታችንም ይህ ይታወቃል፤ የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ ግሱን በቃሉ ይይዛል፣ ከዚያ ግን በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ የሌላውን ሰው ቅኔ ቢደግም አይቆጠርለትም። የጊዜው ክርክርም ቢሆን ሲመረመር ተገላቢጦሽ ነው። አንድን ጥያቄ በእጅ ሠርቶ፣ ከዚያ አንድ ቁጥር ወይም አንድ ደንብ ለውጦ ደግሞ የሠራ ተማሪ፣ በዚያ ርዕስ ሥር ሊመጡ ለሚችሉ ብዙ ጥያቄዎች ተዘጋጅቷል። መቶ መልስ ያነበበው ግን የተዘጋጀው ለእነዚያው መቶ ጥያቄዎች ነው፤ እነሱም እንዳሉ ካልመጡ አይጠቅሙትም። የተሳሳቱት ምርጫዎችም ብዙ ጊዜ ከተለመዱ ስሕተቶች የሚቀመሩ ስለሆኑ፣ በግማሽ የሚያስታውስ ሰው የሚወድቀው እነሱ ላይ ነው።

ለመቐለ ተማሪ ደግሞ የእርሳሱ መንገድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ በኋላ፣ በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪፈረምና ከዚያም ጥቂት ወራት እስኪያልፉ ትግራይ ውስጥ ኢንተርኔት፣ ስልክ፣ ባንክና መብራት ለረጅም ጊዜ ተቋርጠው ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ትምህርትም ዓመታት ባክነውበታል። ኮምፒውተር ሳይንስ ያለ ኮምፒውተር እንዴት ይጠናል የሚለው ጥያቄ በዚህ ከተማ የቀልድ ጥያቄ አይደለም። በከፊል ትክክልም ነው፤ ኮድ መጻፍና ስሕተቱን ማረም ማሽን ይፈልጋል፣ ለላብራቶሪ ምትክ የለውም። ነገር ግን የፔጅ ሠንጠረዥ፣ የፕሮሰስ ተራ አደላደል፣ የአጭር መንገድ ፍለጋ ወረቀት ላይ የሚሠሩ ነገሮች ናቸው። ኤድስገር ዳይክስትራ በስሙ የሚጠራውን የአጭር መንገድ አልጎሪዝም እ.ኤ.አ. በ1956 ያሰበው ካፌ ውስጥ ቡና ሲጠጣ፣ እርሳስና ወረቀት እንኳ ሳይዝ እንደነበር ራሱ ተናግሯል።

ሌላው ተቃውሞ ከአሠሪዎችም ከተማሪዎችም ይሰማል፤ ሥራ ላይ ማን ፔጅ ፎልት ይቆጥራል? በቀጥታ የሚቆጥር ጥቂት ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1997 ማርስ ላይ ያረፈችው ፓዝፋይንደር ኮምፒውተሯ በተደጋጋሚ ራሱን እያጠፋ ሲነሣ፣ መሐንዲሶቹ ያገኙት ምክንያት በኦፕሬቲንግ ሲስተም መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ያለ ችግር ነበር። አነስተኛ ቅድሚያ ያለው ሥራ የያዘውን ቁልፍ ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው ሲጠብቅ፣ መካከለኛው ሥራ በመሐል ገብቶ ሁለቱንም አዘግይቶ ነበር። ምድር ላይ ባለው ቅጂ ሁኔታውን ደግመው ፈጥረው፣ ሥራዎቹ በምን ተራ እንደሄዱ ተከታትለው አገኙት፤ ማስተካከያውንም ወደ ማርስ ላኩ። ተማሪው በእርሳስ የሚለማመደው ይህንኑ ክትትል ነው።

እንግዲህ ኃላፊነቱ የተማሪው ብቻ አይሆንም። ለመውጫ ፈተና ማጠናከሪያ የሚሰጡ መምህራን የመልስ ቁልፍ ብቻ ከማደል ይልቅ የአሠራሩን ሠንጠረዥ ከነደረጃው ቢያሳዩ፣ ከዚያም ያንኑ ጥያቄ አንድ ነገር ለውጠው ያለ መልስ ቢሰጡ፣ የተለያዩ ኮርሶችን ጥያቄዎችም ደባልቀው ቢያቀርቡ ተጨማሪ ገንዘብ አያስወጣቸውም። ተማሪውም ዝግጅቱን በጨረሳቸው ገጾች ብዛት መለካቱን ትቶ፣ ጥያቄው ሲለወጥበት መልሱ ለምን እንደሚለወጥ ማስረዳት መቻሉን ይመዝን። ይህን የሚችል ሰው ፈተናውን ያልፋል ብሎ መጠበቅ ምክንያታዊ ነው፤ ዲግሪውን ሲይዝም ችሎታው አብሮት ይኖራል።